ሥዕል ያልተጨረሰ ሰው አይደለም

ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ በመኝታ ክፍላችን ተቀምጬ «ካውቦይ ቢባፕ» የሚባለውን የጃፓን አኒሜ ስመለከት፣ አብሮኝ የሚያድረው ጓደኛዬ ከኋላዬ ቆሞ ጥቂት ካየ በኋላ «አንተ ሰውዬ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተህም ካርቱን አልተውህም?» አለኝ። ልመልስለት ስል አከታትሎ «ደግሞኮ ይኸው ታሪክ በእውነተኛ ሰው ተሠርቶ ወጥቷል፤ ምነው እሱን ብታይ» ብሎ ወደ አልጋው ሄደ። በቀልድ የተነገረ ስለ ሆነ ሥቄ አለፍሁት። ሌሊቱን ሳስበው ግን ጓደኛዬ የተናገረው ቃል፣ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሱ የፊልም ኩባንያዎች የወደቁበት ስሕተት ራሱ መሆኑ ታየኝ።

በቃሉ ውስጥ ያለው እምነት ይህ ነው፤ ሥዕል ረቂቅ ነው፣ ሥጋና ደም ያለው ተዋናይ ሲገባበት ግን ሥራው ይፈጸማል። አኒሜን ወደ ሰው ፊልም ለመለወጥ ከተደረጉት ሙከራዎች ብዙዎቹ የከሸፉት፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ በገንዘብ ወይም በመሣሪያ ጉድለት ሳይሆን በዚህ ንቀት ነው። ንቀት ያልሁትም አስቤበት ነው። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር መጻፌን አንባቢ ልብ ይበል።)

በመጀመሪያ ሥዕሉ በምን ቋንቋ እንደሚናገር እንይ። ፊልም በአንድ ሴኮንድ 24 ምስል ያሳልፋል። ኦሳሙ ቴዙካ በ1963 «አስትሮ ቦይ»ን በየሳምንቱ በቴሌቪዥን ማቅረብ ሲጀምር ግን ይህን ሁሉ ለመሣል ገንዘቡም ጊዜውም አልነበረውም። ስለዚህ አንዱን ሥዕል ለሦስት ምስል ያህል ማቆየት፣ አካሉን አቁሞ አፉን ብቻ ማንቀሳቀስ፣ የተሣለውንም መልሶ መጠቀም ግድ ሆነበት። ችግር የወለደው ይህ ዘዴ ከጊዜ በኋላ ራሱን የቻለ አነጋገር ሆነ። ዛሬ በአኒሜ ውስጥ አንድ ሰው ሳይናገር ቆሞ ነፋስ ጸጉሩን ብቻ ሲያወዛውዘው ብናይ ዝምታው ይከብደናል፤ የጎደለውን እኛው በልባችን እንሞላዋለን። በዚያው ስፍራ ተዋናይ እናቁምበት። ይተነፍሳል፣ ዓይኑን ያርገበግባል፣ ልብሱ ይጨማደዳል። ዝም ብሎ ጥቂት ቢቆይ የሚናገረው የጠፋበት ይመስላል። በሥዕል ላይ ሰማያዊ ጸጉር ማንንም አያስደንቅም፤ በሰው ራስ ላይ ሲደረግ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ዊግ መሆኑ ነው።

የዓይንም ነገር እንዲሁ ነው። ሮበርት ሮድሪጌዝ በ2019 «አሊታ»ን ሲያዘጋጅ የባለታሪኳ ዓይን በኮምፒዩተር እንዲተልቅ ተደረገ። ሐሳቡ ለሥዕሉ ታማኝ መሆን ነበር። ነገር ግን በሥዕሉ ትልቅ ዓይን የአሣሣል ልማድ ነው፤ በፊልሙ ውስጥ ግን ባለ ትልቅ ዓይን እርስዋ ብቻ ሆነች። ታሪኩ ሰው ሠራሽ አካል ስላላት ልጅ በመሆኑ ነገሩ ፊልሙን ጨርሶ አላበላሸውም፤ ሆኖም ቅርጹን እንዳለ መቅዳት ትርጉሙን እንዴት እንደሚለውጠው ያሳያል።

ከዚህ የከበደውን ጥፋት የምናገኘው በ«ጎስት ኢን ዘ ሼል» ነው። ማሞሩ ኦሺ በ1995 በሠራው ፊልም መካከል ታሪኩ ቆም ይልና ለሦስት ደቂቃ ያህል ማንም ሳይናገር ከተማውን፣ ዝናቡንና የሚያልፈውን ሕዝብ እናያለን። በዚህ ዝምታ ውስጥ ባለታሪኳ የራስዋን መልክ የመሰለች ሌላ ሴት በመስኮት ታያለች። «አካሌ በፋብሪካ ከተሠራ፣ እኔ የምለው ማንን ነው?» የሚለው ጥያቄ በቃል ሳይነገር ልባችን ውስጥ ይገባል። የ2017ቱ ፊልም ከሕንፃ መወርወርዋንና በውሃ ላይ መዋጋትዋን አጥብቆ ቀዳ። ጥያቄውን ግን በሌላ ለወጠው፤ የተሰረቀ ስምና የጠፋች እናት ሰጣትና፣ ስምዋንና እናትዋን ስታገኝ ነገሩ ሁሉ ተፈታ። ብዙ ሰው ስካርሌት ዮሐንሰን ለምን ተመረጠች ብሎ ተቈጣ፤ ኦሺ ራሱ ግን በምርጫው ቅር አልተሰኘም። እኔ የዘሩን ጉዳይ ቀላል ነው አልልም። ነገር ግን ጃፓናዊት ብትጫወተውም ኖሮ ያ ጥያቄ ከፊልሙ መውጣቱ አይቀርም ነበር።

ወደ ጓደኛዬ ምክር ልመለስ። የ1998ቱ «ካውቦይ ቢባፕ» 26 አጫጭር ክፍሎች አሉት። የባለታሪኩ ያለፈ ሕይወት በጭላንጭል ብቻ ይታያል፤ ከሚነገረው ያልተነገረው ይበልጣል። ኔትፍሊክስ በ2021 በሰው ሲያሠራው ልብሱን ቀዳ፣ መርከቢቱን ቀዳ፣ ሙዚቃውንም የቀድሞዋ ደራሲ ዮኮ ካኖ እንድትሠራው አደረገ። ነገር ግን በረዘሙት 10 ክፍሎች ውስጥ ያ ጭላንጭል ሁሉ በንግግር ተሞላ። ከቀረበ አንድ ወር ሳይሞላው እንደማይቀጥል ተነገረ። የመጀመሪያው ዲሬክተር ሺኒቺሮ ዋታናቤም በ2023 ሲጠየቅ፣ የመክፈቻውን ትርኢት አይቶ ከዚያ ወዲያ መቀጠል እንዳቃተው ተናገረ።

«እንግዲያውስ ሥዕሉን ለሥዕል እንተውለት» የሚል ይኖራል። እኔ እንዲህ አልልም። ኬይሺ ኦቶሞ በ2012 የጀመራቸውን የ«ሩሮኒ ኬንሺን» ፊልሞች ያየ ሰው ነገሩ እንደሚቻል ያውቃል። በማንጋው ላይ የጀግናው ፍጥነት የሚታየው በተሠመሩ መሥመሮች ነው። ኦቶሞ መሥመሮቹን በኮምፒዩተር ለመሣል አልሞከረም፤ ዝቅ ብሎ የሚሮጥ፣ በወለል ላይ የሚንሸራተት፣ የሚደክምና የሚያለከልክ እውነተኛ አካል አሳየን። ሥዕል ድካምን ማሳየት ቢችልም፣ የሰው አካል ግን ድካሙን እዚያው በፊታችን ይደክመዋል። በደቡብ አፍሪካ በኬፕታውን የተሠራው የ2023ቱ «ዋን ፒስ»ም እንዲሁ ነው። ደራሲው ኤይቺሮ ኦዳ በሥራው ላይ ሥልጣን ነበረው፤ በማንጋው የሚታየው ከመጠን ያለፈ የፊት መለዋወጥ አብዛኛው ቀርቶ፣ የልጁ ከልብ የሆነ ሣቅ ግን ቀረ አልተባለም። የወደቁትም የተሳካላቸውም ከምንጩ ተለይተዋል፤ ልዩነታቸው የሚተዉትንና የሚይዙትን በማወቅ ላይ ነው።

ይህ ደግሞ ለእኛ ለአርትስ ተማሪዎች እንግዳ ነገር አይደለም። «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» የሚለውን ተረት ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ የመለሰ ተማሪ ስለ ራሰ በራ ሰው ያወራ ይመስላል፤ «ሲያመልጥ»ና «ሲመለጥ» ተገጣጥመው የሚሰጡት ጣዕም እዚያው ይቀራል። መልካም ተርጓሚ በአዲሱ ቋንቋ ሌላ ጣዕም ይፈልጋል። ይህን ሊያደርግ የሚችለው ግን አስቀድሞ የመጀመሪያው ቋንቋ ሙሉ መሆኑን ሲያምን ነው። አማርኛን የሚንቅ ሰው ከአማርኛ አይተረጕምም፤ ሥዕልን የሚንቅም ከሥዕል እንዲሁ።

ይህን ያህል የጻፍሁት ስለ ፊልም ብቻ ብዬ አይደለም። ያን ማታ ጓደኛዬ «ካርቱን» ሲለኝ፣ እውነቱን ልናገርና፣ አፍሬ መስኮቱን በሌላ ገጽ ሸፍኜው ነበር። የማፍቀረውን ሥራ ክብር ለመከላከል አንድ ቃል እንኳ አልወጣኝም። ስለዚህ መልሴን በዚህ ገጽ አድርሼለታለሁ። እርሱም ብዕሩን አንሥቶ በሚቀጥለው እትም ቢመልስልኝ ደስታዬ ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ 26ቱንም ክፍል ይመልከት።

ከአርትስ ፋኩልቲ፣ የ3ኛ ዓመት ተማሪ