ቀልሃው ከማሳ አይለቀም

ባዕድ ዕቃ አቅልጦ ጌጥ ማድረግ ለጎንደር አንጥረኛ አዲስ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር 1780 የሚል ቁጥር የታተመበት፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝነው የማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር በአንጥረኛ እጅ የአንገት መስቀልና አልቦ ሆኗል። በአዲስ አበባም የእንጦጦ ሴቶች ከጥይት ቀልሃ ዶቃ ሠርተው ገዢ አግኝተዋል። የሚያስመሰግን ሙያ ነው።

ይሁንና ይህ ሥራ ወደ ሰሜን ጎንደር ደጋ ከመዛመቱ በፊት ሊታሰብበት ይገባል። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ውጊያ በተካሄደበት በዳባት ቀልሃ በኪሎ ይገዛል ከተባለ፣ ወሬውን ቀድሞ የሚሰማው እረኛው ነው። እረኛ ደግሞ ባዶውን ቀልሃ ካልፈነዳው ለይቶ አያነሣም፤ ሳንቲሙን ነው የሚያየው። ስለዚህ ነጋዴው ከማሳ የተለቀመ ቀልሃ ጨርሶ መግዛት የለበትም። መዳብና ዚንክ በመሆኑም ሲቀልጥ የሚወጣው ጢስ ትኩሳትና ሳል ያመጣል፤ ጎጆ ውስጥ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ለደረት ጌጥ፣ ለብሮሽ የሚሆን የበሬ ቀንድ እያለ ይህን ሁሉ አደጋ ምን አመጣው? ቀንድ በመጋዝ ይቆረጣል፤ በፈላ ውኃ ይለሰልሳል፤ ሲወለወል ያበራል። ዋንጫ ሲሠራበት ለኖረ አገር እንግዳ አይሆንም። የእጅ ባለሙያዎችን የሚያደራጁ ክፍሎች በቀንዱ ይጀምሩ፤ በማሳ የወደቀው ተተኳሽ ግን የሚያመክነው ባለሙያ እስኪደርስ ካለበት አይነካ።