ቤዙ የጠፋውን ይመልስ እንጂ ጆሯችንን አይውሰድ

በመኪና ውስጥ ስለሚከፈት ድምፅ ሲነሳ ክርክሩ ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ይሰናከላል። ተሳፋሪው «ትንሽ ቀንሰው» ይላል። ሹፌሩ «ካልተመቸህ ውረድ» ይላል። ረዳቱ ይስቃል፤ ሌላው ተሳፋሪ ዝም ይላል። መኪናውም እየተንቀጠቀጠ ጉዞውን ይቀጥላል።

በእኔ እምነት ጥፋቱ የሙዚቃው አይደለም፤ የቤዙም አይደለም። ለአንድ ሥራ የተሠራን ዕቃ ለሌላ ሥራ ማዋላችን ነው። ዕቃው ቤዝ ፕሮሰሰር ይባላል።

አፍደምን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ሲቲ ዞን ውስጥ፣ በድሮው የጅቡቲ–አዲስ አበባ የባቡር መስመር ላይ ያለች ቆላማ ከተማ ናት። ሙቀቱ መስኮት ያስከፍታል። መስኮት ሲከፈት ነፋሱ፣ የጎማውና የሞተሩ ጉርምርምታ ይገባል። ይህ ጩኸት ወፍራም ስለሆነ ከሙዚቃው ቀድሞ የሚውጠው ቤዙን ነው፤ ቀጭኑ ድምፅ ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ ሹፌሩ ቤዝ ጎደለኝ ቢል እውነቱን ነው። መፍትሔ ብሎ የያዘው ነገር ላይ ነው የማልስማማው።

ሌላም እውነት አለው። በዚህ መስመር የሚደመጠው ሙዚቃ ብዙው የድሮ ነው፦ የአሊ ቢራ፣ የማህሙድ አህመድ፣ በሐርጌሳና በሞቃዲሾ ሬዲዮ የተቀዱ የሶማሌ ዘፈኖች። እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ በአውሮፕላን ስትደበደብ ከሬዲዮው ካሴቶች ከፊሉ መሬት ውስጥ ተቀብረው ነው የተረፉት። እንዲህ ያለ ዘፈን ከካሴት ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ስልክ ሲገለበጥ ኖሮ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው። ታችኛው ድምፁ መጀመሪያውኑ በደንብ አልተቀዳም፤ የቀረውም በመንገድ ሳስቷል።

ቤዝ ፕሮሰሰር የተፈለሰፈው ለዚህ ነው። በስፋት የሚታወቀው የአሜሪካው ኦዲዮኮንትሮል ኩባንያ «ኤፒሴንተር» ነው፤ ዛሬ የሱ ዓይነት ርካሽ ቅጂዎች ገበያውን ሞልተውታል። ዕቃው የተረፈውን የቤዝ ድምፅ ያዳምጥና ከሱ በታች መኖር የነበረበትን ድምፅ ራሱ ሠርቶ ይጨምራል። ለምሳሌ 80 ኸርዝ ላይ ያገኘውን ይዞ 40 ኸርዝ ላይ ያለውን ይመልሳል። ኢኳላይዘር ያለውን ያጎላል፤ ይህ ግን የጠፋውን ይተካል። ለአርባ ዓመት ካሴት መድኃኒት ነው። ዘንድሮ በኮምፒውተር ለተሠራና ቤዙ አፉ ድረስ ለሞላ ዘፈን ግን በጠገበ ሆድ ላይ እንደ መጉረስ ነው።

እንግዲህ እንዴት ይገጠም?

አንደኛ፣ ሌላው ሁሉ ይጥፋ። የቴፑ ቤዝ ቡስት፣ ላውድነስና ኢኳላይዘር፣ የአምፑም ቤዝ ቡስት ዜሮ ላይ ይሁኑ። አንዱን ቤዝ ሦስት ቦታ መጨመር ነው ስፒከር የሚያቃጥለው። 3 ዴሲቤል ለመጨመር አምፑ እጥፍ ኃይል ይፈልጋል፤ 10 ዴሲቤል ለመጨመር አሥር እጥፍ። ይህን ኃይል የሚከፍለው ባትሪውና ዲናሞው ነው።

ሁለተኛ፣ ጣሪያው ይወሰን። ቴፑን የሙሉ ድምፁ ሦስት አራተኛ ላይ አድርጉ። ዳሽቦርድ ላይ የሚቀመጠውን የቤዝ ማዞሪያ እስከ መጨረሻ ክፈቱት። ከዚያ የአምፑን ጌይን ከዜሮ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ ድምፁ መሻከር ሲጀምር ትንሽ መልሱና እዚያው ተዉት። ጌይን የድምፅ መጨመሪያ አይደለም፤ ቴፑንና አምፑን ማመጣጠኛ ነው። እንዲህ ከተገጠመ ማዞሪያውን ማንም እስከ መጨረሻ ቢያዞረው ቴፑ ከዚያ እስካላለፈ ድረስ አይሻክርም።

ሦስተኛ፣ የድሮ ዘፈን ክፈቱና ቤዙ የሚያርፍበትን ቦታ የሚመርጠውን ማዞሪያ በዝግታ አንቀሳቅሱ። ቤዝ ጊታሩ ከሳጥኑ ሳይሆን ከዘፈኑ ውስጥ የሚመጣ ሲመስላችሁ ቁሙ።

አራተኛ፣ ከመጠን በላይ የወረደውን ድምፅ የሚቆርጠው ማጣሪያ ይብራ። በተለይ ሳጥኑ ቀዳዳ ያለው ከሆነ፣ ከተሠራበት መጠን በታች የሚወርድ ድምፅ ሳብዉፈሩን ያለ መያዣ ያወዛውዘዋል። ጆሮ ብዙም የማይሰማው ድምፅ ዕቃውን ይሰብረዋል።

ጥሩ ገጣሚ ይህን ሁሉ ያውቃል። ግን ብዙ ጊዜ ደንበኛው የሚጠይቀው «ከሱ መኪና ይበልጣል?» ብሎ ነው። ገጣሚውም መልሱን በጩኸት ይሰጣል።

የዚህን ዋጋ የሚከፍለው ተሳፋሪው ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው 80 ዴሲቤልን በሳምንት እስከ 40 ሰዓት፣ 90 ዴሲቤልን ግን 4 ሰዓት ብቻ ማዳመጥን ይመክራል። 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ የሳምንቱ ድርሻ 20 ደቂቃ ነው። ተሳፋሪው ከተማው ሲደርስ ይወርዳል። ሹፌሩ ግን ነገም፣ ከነገ ወዲያም እዚያው ነው። የሞተ የጆሮ ሴል አይተካም። ለጠፋ ጆሮ ደግሞ ፕሮሰሰር የለውም።

መንገዱንም አስቡት። ግመልና ፍየል የሚሻገርበት፣ የጭነት መኪና ከኋላ ክላክስ የሚነፋበት፣ ባቡር የሚያልፍበት ቆላ ነው። ክላክስ የማይሰማ ሹፌር ግማሽ ዓይኑን እንደጨፈነ ነው።

«ሕግ ይውጣ» የሚል ይኖራል። ሕግማ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ይመለከታል፤ ለመኖሪያ ሰፈር የወጣው ደረጃም ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ግን በየኬላው የድምፅ መለኪያ ይዞ የሚቆም ትራፊክ እስኪመጣ መጠበቅ የዋህነት ነው። ዕቃውን ማስወለቅም አያዛልቅም፤ በማግስቱ ይገጠማል።

እኔ የምለው ቀላል ነው። ገጣሚዎች ዕቃውን ከማስረከባቸው በፊት ጣሪያውን ይወስኑ፤ የዋስትናቸው አካል ያድርጉት። የሚኒባስና የባጃጅ ማኅበራትም ለአባሎቻቸው አንድ መስፈርት ያስቀምጡ፦ የኋላ ወንበር ላይ ያሉ ሁለት ሰዎች ሳይጮኹ መነጋገር ካልቻሉ ቤዙ በዝቷል። ለዚህ መለኪያ ዕቃም፣ በጀትም አያስፈልግም።

ሹፌሮች ሆይ፣ በደንብ የተገጠመ ቤዝ ደረትን ሳይመታ ዘፈኑን ይሞላል። ዘፈኑን ስትከፍቱት ዘፋኙ ምን እንዳለ ይሰማ። ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ ካሴት በእኛ ጩኸት ሁለተኛ መቀበር የለበትም።