የሽንፋው ልጅ ስንት በር አለው?

እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 2024 ፓሪስ ላይ በተካሄደው የኦሊምፒክ 1,500 ሜትር ፍጻሜ ለአሜሪካ የነሐስ ሜዳሊያ ያስገኘው ያሬድ ንጉሤ፣ ኬንታኪ ግዛት ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደ ነው። የገባበት ሰዓት 3፡27.80 ሲሆን፣ ከብሩ የለየው አንድ መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነበር። ብዙዎቻችን ዜናውን የሰማነው “የእኛ ልጅ ነው” እያልን ነው። እኔን ግን ከሜዳሊያው ይልቅ የሳበኝ የመጣበት መንገድ ነው።

ያሬድ በኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ ባዮኬሚስትሪ እያጠና ይሮጥ ነበር። በ2019 የአሜሪካ ኮሌጆች የ1,500 ሜትር ሻምፒዮን ሆነ። ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ቢያልፍም በጉዳት ምክንያት ሳይሮጥ ቀረ። በ2022 ፕሮፌሽናል ቡድን ተቀላቀለ። በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ በቤት ውስጥ የአንድ ማይል ሩጫ የእኛውን የዮሚፍ ቀጀልቻን የ3፡47.01 ክብረ ወሰን በ3፡46.63 ሰበረ፤ እሱም በቀናት ውስጥ በኖርዌያዊው ኢንገብሪግትሰን ተነጠቀ።

ቁም ነገሩ ቶኪዮ ላይ ነው። ያ ጉዳት ባይድን ኖሮ ያሬድ ባዶ እጁን አይቀርም ነበር፤ ዲግሪ ነበረው፣ የጥርስ ሐኪም የመሆን ሐሳብም ነበረው። በአሜሪካ ቤዝቦልም ቢሆን የአራት ዓመት ኮሌጅ የገባ ኳስ ወርዋሪ ሦስተኛ ዓመቱን ሳይጨርስ ወይም 21 ዓመት ሳይሞላው ክለቦች አይመርጡትም። ከኮሌጅ ስፖርተኞች ፕሮፌሽናል የሚሆኑት ከመቶ ሁለት አይሞሉም፤ ለቀሩት ግን ትምህርቱ አለ።

ይህን ይዘን ከሱዳን ድንበር አጠገብ ወዳለችው ሽንፋ እንምጣ። በሰሊጥና በጥጥ በሚታወቀው በዚህ ቆላ ክንዱ ጦር የሚያርቅ ወይም እግሩ ለአጭር ርቀት የፈጠነ ልጅ ቢኖር ማን ያየዋል? የአትሌቲክሳችን ዓይን እንደ በቆጂ ባለው ደጋ ላይ ነው። ለ10,000 ሜትር ይህ ምክንያት አለው። ውርወራና ዝላይ ግን ከፍታ አይጠይቁም።

ቢታይስ? ደመወዝ የሚከፍሉት እንደ ንግድ ባንክና መቻል ያሉ ክለቦች መቀመጫቸው አዲስ አበባ ነው። ልጁ ክለቡን ከመረጠ ብዙውን ጊዜ ትምህርቱን ይተዋል፤ ከተጎዳ ያለ ዲግሪም ያለ ሜዳሊያም ወደ ሰሊጥ ማሳው ይመለሳል። ትምህርቱን ከመረጠ ደግሞ በሩ ጠባብ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያው ዓመት ወዲህ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት የዘጋቸው ትምህርት ቤቶች ሲጨመሩበት ነገሩ ይብሳል።

የአሜሪካንን ገንዘብ መኮረጅ አንችልም። ሩጫና ትምህርት በአንድ ግቢ እንዲኖሩ ማድረግ ግን ከአቅማችን በላይ አይመስለኝም። የስፖርት ሳይንስ የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች አሉን። ለአትሌቶች የተወሰነ ቦታ ቢይዙና ክለቦች ደመወዙን እዚያው ቢከፍሉ፣ ልጁ አንዱን ለማግኘት ሌላውን አይጥልም። እስከዚያ ድረስ ግን በሰው አገር ቀለም በሮጡ ልጆች መኩራታችን፣ እዚህ ለቀሩት ያልከፈትነውን በር አይሸፍንልንም።