«ሰላም የለኝም» ስትልህ

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ እኔና ባለቤቴ በሰው ጀልባ አምስት ቀን ተጓዝን። የጀልባዋ ባለቤቶች ባልና ሚስት ናቸው፤ ሁለቱም ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ባልየው ከእኔ ጋር በአንድ መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመታት የሠሩ አሜሪካዊ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ በየዓመቱ ብርዱ ሳይገባ፣ 11 ሜትር ገደማ በምትረዝም የሞተር ጀልባቸው ከቨርጂኒያ ተነሥተው የባሕሩን ዳር ይዘው ወደ ፍሎሪዳ ይወርዳሉ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አብረናቸው እንድንሄድ ጋበዙን፤ እሺ አልን።

ስለ ጉዞው ውበት ብዙ መጻፍ ይቻላል። እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚያሳስበኝ አንድ የቅዳሜ ጠዋት ነው። እዚያ ከመድረሴ በፊት መንገዱን በአጭሩ ልንገራችሁ።

በባሕር ዳርቻ መጓዝ ሲባል ብዙዎቻችን ክፍት ውቅያኖስ ይታየናል። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ግን ከውቅያኖሱ በስተ ውስጥ ወንዞችን፣ ወሽመጦችንና በሰው እጅ የተቆፈሩ ቦዮችን እያያያዘ የሚሄድ የውኃ መንገድ አለ፤ ኢንትራኮስታል ይሉታል። ወደ ደቡብ የሚወርደው የርቀት ቆጠራ ዜሮ ብሎ የሚጀምረው ከኖርፎክ ነው፤ ከዚያ እስከ ማያሚ 1,750 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። እንደ እኛዋ ያለች ጀልባ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የምትጓዘው። በብስክሌት የሚሄድ ሰው ይቀድማታል።

ሐሙስ ከኖርፎክ ወጥተን የዲስማል ስዋምፕን ቦይ ያዝን። ርዝመቱ 35 ኪሎ ሜትር ሲሆን የተከፈተው በ1805 እ.ኤ.አ. ነው። በሁለቱም ጫፍ የውኃ በሮች አሉት፤ ጀልባዋ ትገባለች፣ በሩ ከኋላዋ ይዘጋል፣ ውኃው እየሞላ ወደ ላይ ያነሣታል። በሌላው ጫፍ ደግሞ ውኃው እየጎደለ ያወርዳታል። የቦዩ ውኃ በዙሪያው ካሉት ዛፎችና ቅጠሎች የተነሣ ሻይ ይመስላል። ቦዩን በእጃቸው የቆፈሩት በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ናቸው። በዚያው ረግረግ ውስጥ ደግሞ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች ተደብቀው ይኖሩ ነበር። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ዳር ዳሩን ትመለከት ነበር።

በእነዚያ ሁለት ቀናት የባልና ሚስቱን አሠራር አየሁ። አንዳቸው መሪውን ሲይዙ ሌላኛቸው ካርታውንና የውኃውን ጥልቀት ይከታተላሉ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይለዋወጣሉ። ጠዋት ጠዋት የሞተሩን ዘይት ያያሉ፤ የአየር ትንበያ ያዳምጣሉ። ከዚያ ለልጃቸው ደውለው የት ለማደር እንዳሰቡ፣ እስከ ስንት ሰዓት ካልደወሉ ለባሕር ጠባቂዎች መንገር እንዳለባት ያስታውቋታል። ነዳጁን እንኳ ለሦስት ከፍለው ነው የሚያስቡት፤ አንድ ሦስተኛ ለመሄጃ፣ አንድ ሦስተኛ ለመመለሻ፣ አንድ ሦስተኛ ላልታሰበ ነገር።

ዓርብ ማታ ኤልዛቤት ሲቲ ደረስን። ይህች ከተማ ለመንገደኛ ጀልባዎች ማቆሚያ በነፃ በመስጠት የታወቀች ናት። ከፊታችን ያለው አልቤማርል ሳውንድ ነበር። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ግን ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውኃ ነው። አደጋውም ጥልቀት ማጣቱ ነው፤ በረጅም ርቀት ላይ የሚነፍስ ነፋስ ጥልቀት የሌለውን ውኃ ሲመታው፣ አጫጭርና ቀጥ ያሉ ሞገዶች ፋታ ሳይሰጡ ይከታተላሉ። የመንገዱ ሰዎች ሁሉ ይህን ያውቃሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ስንነሣ ወንዙ መስተዋት ይመስል ነበር። ትንበያው ከእኩለ ቀን በኋላ ከሰሜን ምሥራቅ ነፋስ እንደሚበረታ ይናገራል። ባልየው፣ «አሁን ብንነሣ ከዚያ በፊት ማዶ ነን» አሉ። እኔም ደስ አለኝ፤ መኪናችንን አስቀድመን ከማዶ፣ ቤልሄቭን በምትባል ከተማ አቁመናት ነበር፤ ሰኞ ጠዋት ሥራ መግባት ነበረብኝ። ሞተሩ ተነሣ፤ እኔም ገመድ ልፈታ ወጣሁ።

ሚስትየው ሬዲዮውን አዳመጡ፤ ሰማዩን አዩ፤ ከዚያም፣ «ዛሬ አልወደድኩትም» አሉ።

ባልየው፣ «እሺ» ብለው ሞተሩን አጠፉ። በቃ፤ ክርክር የለም፤ ማኩረፍ የለም። ቡና ሊያፈሉ ወደ ውስጥ ገቡ።

እኔ ግን ተናደድሁ። ቆይቼ ብቻቸውን ሳገኛቸው፣ «ምክንያታቸው ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም፣ «ከፈለገች ትነግረናለች። ሕጋችን ግን ምክንያት አይጠይቅም። ከሁለታችን አንዳችን አይሆንም ካልን ጀልባው አይንቀሳቀስም። አይሆንም ያለው ሰው ደግሞ መቼ እንደገና እንደምናየው መናገር አለበት። ነገ ንጋት ላይ እናየዋለን ብላለች» አሉኝ። የጀልባ ሰዎች ከማዕበል ይልቅ የሚፈሩት የቀን መቁጠሪያን እንደ ሆነም ነገሩኝ፤ ሰውን አጉል ሰዓት ላይ ከወደብ የሚያስወጣው እርሱ ነውና። ያን ቀን የቀን መቁጠሪያ ይዞ የተሳፈረው እኔ ነበርሁ።

ማታ ላይ ሌላ ነገር ተሰማ። ከአጠገባችን ቆማ የነበረችና ጠዋት የወጣች ጀልባ በሰላም ተሻግራለች። ትንሽ ተናወጡ እንጂ ምንም አልሆኑም፤ ነፋሱም የተባለውን ያህል አልበረታም። እኔ የባልየውን ፊት አየሁ። «አላልኩሽም ነበር?» የሚለውን ቃል ጠበቅሁ። እሳቸው ግን፣ «በሰላም መግባታቸው ደስ ይላል» ብለው እራታቸውን ቀጠሉ።

ወገኖቼ፣ እኔን የነካኝ ይህ ነው። ሰዎቹ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ አይደሉም። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጌታ ቤት የኖርሁ፣ ለሚጋቡ ወጣቶች ምክር የምሰጥ ሰው ነኝ። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዓመታት በፊት ቤት ለመግዛት ለስምንት ዓመት ያጠራቀምነው ገንዘብ ነበረን። አንድ የምናውቀው ሰው የንግድ ሐሳብ አመጣልኝ። ባለቤቴ ወረቀቱን አይታ፣ «እኔ ሰላም የለኝም» አለች። ጸለይሁ። ልቤ ግን አስቀድሞ ወስኖ ነበር። ከዚያም፣ «ጌታ ተናግሮኛል» አልኋት። ምን ትበል? ከእኔ ጋር መከራከር ትችላለች፤ ከጌታ ጋር ግን እንዴት ትከራከራለች? ዝም አለች። ገንዘቡ በሁለት ዓመት ውስጥ አለቀ።

ከገንዘቡ በላይ የከሰርሁት ግን ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ ባለቤቴ «ሰላም የለኝም» ማለት አቆመች። እኔ ደግሞ በቤታችን ስምምነት የመጣ መስሎኝ ጌታን አመሰገንሁ።

እስቲ ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን በዚህ ዓይን እንየው። ያም የባሕር ዳር ጉዞ ነው፤ በቀርጤስ ዳር ዳር ሄደው መልካም ወደብ ደረሱ። የጾሙ ወራት አልፎ ነበርና ለመርከብ ጊዜው መሽቷል። ጳውሎስ አስጠነቀቀ። መቶ አለቃው ግን ከእስረኛው ይልቅ የመርከቡን መሪና የመርከቡን ባለቤት ሰማ። ከዚያ ልከኛ የደቡብ ነፋስ ነፈሰ፤ ሁሉም ያሰቡት የተሳካላቸው መሰላቸው። ልክ እንደዚያ መስተዋት የሚመስል ወንዝ ማለት ነው። በመርከቡ ላይ 276 ነፍስ ነበረ።

እዚህ ላይ ለብዙ ጊዜ ሳላስተውለው ያለፍሁት አንድ ነገር አለ። ጳውሎስ ከወደብ ሳይወጡ ሲያስጠነቅቅ «ጌታ ተናገረኝ» አላለም። የተናገረው ያየውንና የገመተውን ነው (ሐዋ. 27፥10)። ከዚያ ጉዞ በፊት ሦስት ጊዜ መርከቡ የተሰበረበት ሰው ነው (2 ቆሮ. 11፥25)፤ ባሕሩን ያውቀዋል። የመልአኩን ቃል የነገራቸው በኋላ፣ በማዕበሉ መካከል፣ በእርግጥ መልአኩ ከተገለጠለት ወዲያ ነው (ሐዋ. 27፥23)። እንደ ጳውሎስ ያለ ሐዋርያ ግምቱን ግምት ብሎ ካቀረበ፣ እኔ ምኞቴን የጌታ ድምፅ ብዬ የሚስቴን አፍ የዘጋሁት በምን ሥልጣን ነው?

«ባል ራስ አይደለም ወይ?» የሚለኝ ወንድም እንዳለ አውቃለሁ። ነው፤ ቃሉን አልሽርም። ነገር ግን ያው ክፍል የሚጀምረው እርስ በርስ በመገዛት ነው (ኤፌ. 5፥21)፤ ለራስነትም ምሳሌ የሚያደርገው ራሱን አሳልፎ የሰጠውን ጌታ ነው። ያ ሽማግሌ ሞተሩን ሲያጠፉ መሪነታቸውን አላጡም። እንዲያውም መሪ ምን እንደሚመስል ያየሁት ያኔ ነው።

ሌላው ደግሞ፣ «አዳምም የሚስቱን ቃል ሰምቶ አይደል የወደቀው?» ይላል። በገነት የተሰማው ድምፅ «እንውሰድ» የሚል ነበር። እኔ የማወራው ስለ ሌላው፣ «ቆይ» ስለሚለው ድምፅ ነው። ሕጉም ለሁለቱም ነው፤ እሳቸው «አይሆንም» ባሉባቸው ቀናት እሷም ሞተር አጥፍተዋል። አብርሃምንም እግዚአብሔር የሣራን ቃል እንዲሰማ ያዘዘበት ቀን አለ (ዘፍ. 21፥12)።

«እንዲህ ከሆነማ በፍርሃት ታስረን ልንቀር ነው» የሚለው ጥያቄ ግን እውነተኛ ነው። መልሱ ያለው በሕጉ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ነው፤ አይሆንም ያለው ሰው እንደገና የሚታይበትን ጊዜ ይናገራል። እሑድ ሳይነጋ አራታችንም ተነሣን። ባልና ሚስቱ ትንበያውን አብረው አዳመጡ። ሚስትየው፣ «ዛሬ እንሂድ» አሉ፤ መሪውንም ራሳቸው ያዙ። አልቤማርልን በሰላም ተሻገርን። እኔም ለአለቃዬ ደውዬ ሰኞ እንደማልገባ ነገርሁት፤ ዓለም አልፈረሰችም።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። በትዳር ውስጥ ሁለቱንም የሚነካ ውሳኔ፣ ገንዘብም ይሁን ከአገር አገር መሄድ ወይም አገልግሎት፣ አንዱ «ሰላም የለኝም» እያለ አይወሰን። ያ ሰው ሁልጊዜ ትክክል ስለሆነ አይደለም። ያን ቅዳሜ ብንሄድ ኖሮ ምናልባት በደህና እንገባ ነበር። ነገር ግን መርከቡ ቢሰበር የሚሰምጡት ሁለቱም ናቸው፤ የመናገር መብታቸውም ከዚያ ይመጣል። «ጌታ ተናገረኝ» የሚለውንም ቃል የትዳር ጓደኛችንን ዝም ለማሰኘት አንጠቀምበት። ጌታ በእርግጥ ተናግሮ ከሆነ እስከ ነገ ንጋት መጠበቅ ቃሉን አያስቀረውም፤ ለሌላኛችንም መናገር ይችላል።

ሰኞ ማታ ከቤልሄቭን ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ባለቤቴን ጠየቅኋት፤ «አሁን ሰላም የሌለሽ፣ ግን ያልነገርሽኝ ነገር አለ?»

ለረጅም ጊዜ አልመለሰችልኝም። ከዚያ፣ «አትቆጣም?» አለች።

አልቆጣም አልኋት። እስከ ቤታችን ደጃፍ ድረስ አወራችልኝ። እናንተም ዛሬ ማታ ጠይቁ፤ ከጠየቃችሁ በኋላ ግን ዝም ብላችሁ ስሙ። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።