ቆሞ የሚከርመው ትራክተር እና ጥገና የሚጠብቀው የጠጠር መንገድ

ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም በ2003 ዓ.ም ሲጀመር ግቡ ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያገለግል መንገድ ማገናኘት ነበር። በዚህም ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚገባባቸው፣ ምርትም ወደ ገበያ የሚወጣባቸው በርካታ የጠጠር መንገዶች ተሠርተዋል። ይሁን እንጂ የጠጠር መንገድ አንዴ ተሠርቶ የሚተው አይደለም። ክረምት ባለፈ ቁጥር ካልተደለደለ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደነበረበት የጭቃ መንገድ ይመለሳል።

መንገዱን ቀድሞ የሚጎዳው በላዩ የሚተኛ ውኃ ነው። የጠጠር መንገድ መካከሉ ከፍ ብሎ ወደ ሁለቱም ጎን ከ4 እስከ 6 በመቶ ማዘንበል አለበት። ስፋቱ 6 ሜትር ከሆነ መሐሉ ከዳሩ ከ12 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል ማለት ነው። ይህ ጉብታ በጎማ ተደምጦ ሲጠፋ ውኃው ወደ ቦይ መፍሰሱን ትቶ መንገዱ ላይ ይቋጥራል። መኪና ባለፈ ቁጥር ጠጠሩን አጣብቆ የያዘው ደቃቅ አፈር እየተረጨ ይወጣና ጉድጓዱ ይሰፋል።

ጉዳቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። 6 ሜትር ስፋት ባለው መንገድ ላይ ጠጠሩ በ1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሳሳ በአንድ ኪሎ ሜትር 60 ሜትር ኩብ ገረጋንቲ ጠፋ ማለት ነው። ይህም 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ገልባጭ መኪና ወደ አራት ምልልስ ይጠጋል። የጠፋውን ከመተካት ያለውን በጊዜ መደልደል የሚረክሰው ለዚህ ነው።

ግሬደር እንደ ልብ በማይገኝበት ወረዳ ታዲያ በእጅ ያለው ትራክተር ሊታሰብ ይገባል። የመኸር ዘር ካበቃ በኋላ እስከ አጨዳ ድረስ ብዙ ትራክተሮች ሥራ ይቀዘቅዝባቸዋል። ሽምብራና ጓያ ዘግይተው በሚዘሩበት ጥቁር አፈር አካባቢ ወቅቱ ቢያጥርም፣ መስከረምና ጥቅምት ለመንገዱም ምቹ ናቸው። አፈሩ ገና እርጥበት ስላለው ይቆረጣል፣ ይጠቀጠቃልም። በደረቅ ወቅት የተደለደለ ጠጠር ግን ሳይያያዝ አቧራ ሆኖ ይበተናል።

ሥራው የራሱ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ቦዮችና የውኃ ማስተላለፊያ ቱቦዎች በሕዝብ ጉልበት ይጠረጋሉ። ከዚያም ከትራክተሩ ኋላ የሚገጠመው የመደልደያ ምላጭ በሰያፍ ተደርጎ፣ ወደ ዳር የሸሸው ጠጠር ወደ መሐል ይሳባል። ጉድጓድ በላዩ ጠጠር በመሙላት አይድንም። ምላጩ እስከ ጉድጓዱ ወለል ድረስ ቆርጦ እንደገና ካላዳረሰው በቀጣዩ ዝናብ ይከፈታል። ፍጥነቱ ከሰው እርምጃ እምብዛም መብለጥ የለበትም፤ ሲፈጥን ምላጩ እየነጠረ መንገዱን እንደ ቆርቆሮ ያሸበሽበዋል። በመጨረሻም ሩሎ ካልተገኘ የተጫነ ተሳቢ ጎን ለጎን እየተመላለሰ ይጠቀጥቀዋል።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮችም አሉ። የቦዩን ጭቃ ወደ ጠጠሩ መጎተት መንገዱን ያበላሻል። በዳር የሚቀር የአፈር ክምር ውኃውን ያግዳል። የማረሻ ዲስክ ደግሞ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ጠጠሩን ከሥሩ አፈር ጋር ያደባልቀዋል። ትራክተር በቦይ አፋፍ ላይ ሊገለበጥ ስለሚችል ሥራው ልምድ ያለው ኦፕሬተር ይፈልጋል። ጠጠሩ ያለቀበት ወይም ቱቦው የተሰበረበት መንገድ ግን ከትራክተር አቅም በላይ ነው፤ ለእሱ ግሬደርና ገልባጭ መኪና መጠበቅ የግድ ይሆናል።

የሚቀረው የወጪው ጥያቄ ነው። በ1989 ዓ.ም በአዋጅ የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ መነሻው፣ ጥገና ቋሚ በጀት ከሌለው ግንባታው ከንቱ ይሆናል የሚል ነበር። ይህ እሳቤ ለቀበሌ መንገድም ይሠራል። ትራክተሩ የዩኒየን ወይም የግለሰብ ንብረት በመሆኑ ነዳጁን፣ የኦፕሬተሩን አበልና የምላጩን ማለቅ ማን እንደሚሸፍን ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ መወሰን አለበት። ካልሆነ በመጀመሪያው ዓመት በበጎ ፈቃድ የተሠራው በሁለተኛው ዓመት ይቋረጣል።

የወረዳ መንገድ፣ ግብርና እና ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቶች በነሐሴ ወር አንድ ላይ ቢያቅዱ ጊዜው አያመልጥም። መነሻው ከዋናው መንገድ ወደ ማኅበራት መጋዘን የሚያስገባው አጭር መንገድ ቢሆን ይመረጣል። ማዳበሪያ የጫነ መኪና በሰኔ የሚያዘው፣ አርሶ አደሩም ለተጨማሪ ጫኝና አውራጅ የሚከፍለው እዚያው ላይ ነውና።