ሊጡን የሚዳምጠው ማነው?
እናንተዬ፣ በየኬክ ቤቱ የምንገምጠውን ሚሊፎኒ ፈረንሳዮች «ሚል ፎይ»፣ ማለትም ሺህ ቅጠል ይሉታል። ምስጢሩን ሰሞኑን በገባሁበት የኬክ ሥልጠና በእጄ አየሁት። የገበታ ቅቤ ሊጥ ውስጥ ይጠቀለላል፤ ይዳመጣል፤ ለሦስት ይታጠፋል። ይህ 6 ጊዜ ሲደጋገም ቅቤው 729 ንብርብር ይሆናል! በየመሀሉ ፍሪጅ ገብቶ ካላረፈ ግን ቅቤው ይቀልጥና ንብርብሩ ሁሉ ድራሹ ይጠፋል።

አብራኝ የተማረች አንዲት ልጅ፣ ሌላ ቦታ 3 ወር ከፍላ የተረፋት ደብተር ብቻ ነበር። ቅቤው መቼ እንደሚለሰልስ ደግሞ ደብተር አይናገርም፤ የሚያውቀው ጣት ነው።

እናም በሙያው እንጀራ ልትበሉ የምትመዘገቡ ሁሉ፣ ብራችሁን ከመቁጠራችሁ በፊት ጠይቁ፦ «ሊጡን የምዳምጠው እኔ ነኝ ወይስ አስተማሪው?» «አስተማሪው» ከተባላችሁ፣ በጊዜ ውልቅ በሉ!