ቤሩት ላይ መንገድ የሳተው አቅጣጫ ጠቋሚ

የጋዛ ጦርነት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ከተቀሰቀሰ ወዲህ፣ በቤሩት የመኪናና የስልክ አቅጣጫ ጠቋሚዎች ሐምራ ሰፈር ያለውን ሰው ራፊቅ ሐሪሪ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ እንዳለ ሲያሳዩ ቆይተዋል። ሊባኖስም በመጋቢት 2024 ድርጊቱ የእስራኤል ነው በማለት ለተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት አቤቱታ እንደምታቀርብ አስታውቃለች።

የመሣሪያውን የውስጥ ሶፍትዌር በራሳቸው እጅ መቀየር ለሚወዱ ሰዎች ችግሩ ቀላል ሊመስል ይችላል። ይሁንና ቅየራው ካርታን ያድሳል እንጂ ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚመጣውን ደካማ የሳተላይት ምልክት አያበረታም፤ ከቅርብ የሚለቀቅ ጠንካራ ሐሰተኛ ምልክት ይውጠዋል። እንደ ጋሊሊዮ ያሉ ሌሎች ሥርዓቶችንም የሚቀበል መሣሪያ ሊሻል ይችላል፤ እርሱም ቢሆን ከመታወክ አይድንም።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚከብደው በሰው ቤት ተቀጥራ ለምትሠራው ኢትዮጵያዊት ነው። በር ተዘግቶባት እርዳታ የምትጠይቅ እኅት በስልኳ የላከችው የቦታ ምልክት ረዳቶቿን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሊወስዳቸው ይችላል። ቤሩት ውስጥ አድራሻ የሚነገረው፣ እንደ አዲስ አበባ ሁሉ፣ ከቤት ቁጥር ይልቅ በታወቀ ሕንፃና ሱቅ ነው። ስለዚህ ከምልክቱ ጋር የሰፈሩን፣ የሕንፃውንና በአቅራቢያው ያለውን ሱቅ ስም፣ ፎቁንም ጨምሮ በጽሑፍ መላክ ያስፈልጋል።